የኦቪድዮስ ኀዘን በመርከብ ላይ

ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድዮስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ8 ዓ.ም. በአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ ከሮሜ ከተማ ተሰደደ። የተላከባትም ቶሚስ በጥቁር ባሕር ዳር ያለች፥ ዛሬ ኮንስታንሳ የምትባል የሩማንያ ከተማ ናት። ሚስቱን በቤቱ ትቶ ሄደ፤ ሴት ልጁም በዚያ ጊዜ በአፍሪቃ ምድር ስለ ነበረች የአባቷን መከራ አላወቀችም። በዚህ ጕዞ ሳለ እንደ ጻፈው የሚናገርለት፥ «ትሪስቲያ» የተባለው የኀዘን ቅኔ የመጀመሪያው መጽሐፍ 11 ግጥሞች አሉት። ስለ ተሰደደበት ምክንያት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ለዚህ መጽሐፍ ግን ከምክንያቱ ይልቅ ናፍቆቱ ይበልጣል።

ከሁሉ የሚልቀው 2ኛው ግጥም ነው። ሰው ሞት በቀረበው ጊዜ ዘመዶቹ በአጠገቡ ቢሆኑ ይመኛል፤ ኦቪድዮስ ግን ማዕበሉ መርከቡን ሲያናውጥ ሚስቱ አብራው ባለመሳፈሯ ደስ ይለዋል። እርስዋ በሮሜ ሆና ስለ ስደቱ ብቻ ታለቅሳለች እንጂ በዚያች ሰዓት ባሕሩ እንደ ከበበው አታውቅም። አብራው ብትሆን ኖሮ ሞትን ሁለት ጊዜ በሞተ ነበር፤ እርስዋ ደኅና ከሆነች ግን እርሱ ቢሰጥም እንኳ እኩሌታው ይተርፋል። ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል፤ ከራሱ ይልቅ ለናፈቃት ሰው እያሰበ እንዲህ አድርጎ የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

በዚያው ግጥም፥ እርሱ ሞት የሚገባው ቢሆን እንኳ አብረውት የተሳፈሩት ያለ በደላቸው ስለ ምን ይጠፋሉ ብሎ አማልክቱን ይጠይቃል። ትንቢተ ዮናስን ያነበበ ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ዮናስ ወደ ባሕር ጣሉኝ ብሎ ራሱን ሰጠ፥ ኦቪድዮስ ጠይቆ ያልፋል።

በ4ኛው ግጥም ነፋሱ መርከቡን ወደ ኋላ፥ ወደ ኢጣልያ ዳርቻ ይገፋዋል። የሚወዳቸው ያሉት በዚያ ነው፤ ቄሣር የከለከለውም ያንኑ ምድር ነው። ስለዚህ መመለሱን እየወደደ ይፈራዋል። የመርከቡ መሪም መርከቡን መግዛት ተስኖት፥ ፈረሱ አልታዘዝ ሲለው ልጓሙን እንደሚለቅ ጋላቢ ሆኖ ይታያል። ባሕር አይቶ ለማያውቅ፥ ነገር ግን በገደል አፋፍ በቅሎ አልታዘዝ ላለችው ሰው፥ ይህ ምሳሌ ትርጓሜ አያሻውም።

5ኛው ግጥም ከዚህ ሁሉ ይወርዳል። ባለቅኔው ራሱን ከኦዲሴዎስ ጋር እያስተያየ፥ የዚያ መከራ የሚበዛው ተረት ነው፥ የእርሱ ግን እውነት ነው ብሎ ይሟገታል፤ ሙግት ደግሞ ኀዘንን ያቀዘቅዛል። የሚከፋው ግን ቄሣርን እንደ አምላክ እያነሣ ምሕረት መለመኑ ነው። ለሚስቱ ያለቀሰ ብዕር በዚያው ቀለም ንጉሥን ሲያመልክ ማየት ክርስቲያን አንባቢን ያሳዝነዋል። ልመናውም አልጠቀመው፤ በ17 ዓ.ም. ገደማ በዚያው በቶሚስ ሞተ።

በመጨረሻው ግጥም ክርታሱን የባሕር ውሃ እየረጨበት እንደሚጽፍ ተናግሮ፥ ስለ ጕድለቱ ይቅርታ ይለምናል። ግጥሙ ግን ልኩን ከቶ አልሳተም፤ ምናልባት ከወደብ ደርሶ አርሞት ይሆናል። ቢያርመውም ስለ ሚስቱ የጻፈው ቃል ከዋጋው አይጐድልም።