በሃያ እጅ ያነሰች ኤንትሬ

ወርዷ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። እውነተኛዋ 2 ሜትር ተኩል ትሰፋለች፤ ሂሳቡ አንድ ለሃያ ነው። ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና ነች፤ ሾፌሮቻችን ኤንትሬ የሚሏት። የ682 ዘር ከጣሊያን ፋብሪካ መውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ይህችን ትንሿን የሠራት ታናሽ ወንድሜ ሲሆን፣ የሠራትም ለአጎታችን መታሰቢያ ነው። አጎታችን በረዳትነት ጀምሮ፣ ኋላም መሪ ጨብጦ፣ የአሰብን መስመር በኤንትሬ ሲመላለስበት ኖሯል። ወንድሜ ልኳን የወሰደው እስከ ዛሬ ከምትሠራ አንዲት ኤንትሬ ላይ ነው፤ ከሥሯ ተኝቶ በሜትር ለክቶ፣ በደብተር መዝግቦ።

ጋቢናዋ የዘይት ቆርቆሮ ነው። ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር ሲሶ አይበልጥም፤ በመቀስ ይቆረጣል። አስቸጋሪው ጥጉ ነው። የኤንትሬ ፊት ጠፍጣፋ ቢመስልም ከግንባር ወደ ጎን ሲዞር ይከብባል፤ ከግንባር ወደ ጣሪያ ሲወጣም ይከብባል። ቆርቆሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያጥፉት እሺ ይላል፤ በአንዴ ወደ ሁለት ሲያጥፉት ይጨማደዳል። ስለዚህ ወንድሜ አስቀድሞ የጋቢናውን ቅርጽ ከዋንዛ ጠረበ። ቆርቆሮውን በቅርጹ ላይ አስተኝቶ፣ በእንጨት መዶሻ ከመሃል ወደ ዳር ቀስ እያለ ቀጠቀጠው። ሁለቱን የላይ ጥጎች ለየብቻ አውጥቶ ከጣሪያው ጋር በእርሳስ በየዳቸው፤ ብየዳውን በሞረድ፣ ከዚያም በብርጭቆ ወረቀት አስተካከለው። ዛሬ ጥፍር ቢሄድበት የሚሰናከልበት ቦታ የለም።

ቀለም በልኬት አይቀጥንም። የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚወፍር ቀለም እዚህ ላይ ቢያርፍ፣ በእውነተኛዋ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ቀለም እንደማለት ነው፤ በበሩና በጋቢናው መካከል ያለውን መስመር ይደፍነዋል። ስለዚህ ብርቱካንማው ቀለም ውኃ እስኪመስል ቀጥኖ፣ እየደረቀ እየተደገመ ተረጨ። የበሩ መስመር አሁንም ምላጭ ያስገባል።

ቸርኬው 20 ኢንች ነው፤ በአንድ ለሃያ 25 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ይሆናል። ጎማው የአሮጌ ካላማዳሪ ቀለበቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ነው። ከተጣበቁ በኋላ እየዞሩ ተሞርደው ክባቸውን ይዘዋል፤ ጥርሱ ደግሞ በምላጭ ተቆርጦ ወጥቷል። ኋላ በየጎኑ መንታ ጎማ አለ። በመንታዎቹ መካከል ያለው ክፍተት እንዲሁ የተተወ አይደለም። ጎማ ሸክም ሲበዛበት ከታች ይተኛል፣ ጎኑ ይነፋል፤ ክፍተቱ ከጠበበ ሁለቱ ይፋተጋሉ። ወንድሜ ይህን ክፍተት የለካው እውነተኛዋ መኪና ባዶ ሆናም ተጭናም ነው።

የመኪናዋ ዋና ነገር ግን ከሥር ነው። የአሰብ መንገድ ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ከደብረ ሲና በላይ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ሸክሙን የሚችለው ባሌስትራው ነው። ባሌስትራ ማለት ከረጅም ወደ አጭር የተደራረበ ዝርግ ብረት ነው፤ ሸክም ሲያርፍበት እያንዳንዱ ብረት በሚቀጥለው ላይ እየተንሸራተተ ይተኛል።

ወንድሜ መጀመሪያ ባሌስትራውን እንደ ልኩ ሠራው። በእውነተኛዋ 10 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው ብረት እዚህ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሆነ። ከዚያ ጭነቱን አሰበ። ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው በሃያ እጅ ሲያንሱ ክብደት በ8,000 እጅ ያንሳል። 80 ኩንታል ጭነት እዚህ አንድ ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ጤፍ በትንንሽ ጆንያ ሰፍቶ ካሶኒው ላይ ጫነ። ባሌስትራው ንቅንቅ አላለም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ክብደቱ በ8,000 እጅ ሲወርድ የባሌስትራው ግትርነት የሚወርደው በሃያ እጅ ብቻ ነው። እውነተኛዋ ስትጫን 8 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብትል፣ ትንሿ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት ሲገባት 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ትላለች፤ ያ ደግሞ ለዓይን አይታይም። በመልክ ትክክል የሆነው ባሌስትራ በሥራው ድንጋይ ሆነ።

መፍትሔው በብረቱ ውፍረት ላይ ነበር። የብረት ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ ግትርነቱ በስምንት እጅ ይወድቃል። ወንድሜ ከአሮጌ የደወል ሰዓት ሞላ አወጣ፤ የሞላው ወርድ ከሚፈለገው ጋር ተቀራራቢ ነበር፣ ተጠቅልሎ የኖረ ስለሆነም ቅስቱ አብሮት መጣ። ብረቱን በመሳያ ድንጋይ እየሳለ ከ0.2 ሚሊ ሜትር በታች አወረደው። ግን ቀጫጭን ብረቶች ብቻቸውን ሲደራረቡ ባሌስትራው በጎን ሲያዩት ሲሳሳ ታየ። ስለዚህ በየሁለቱ ብረት መካከል የጠቆረ ስስ ቆዳ አስገባ። ቆዳው ውፍረቱን ሞላ፤ ግትርነት ግን አልጨመረም። አሁን ጆንያዎቹ ሲጫኑ መኪናዋ ከኋላ በ4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ሲወርዱ ትነሳለች።

ጋቢናው ውስጥ መሪው በስተቀኝ ነው። በዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ ሾፌሩ የተራራ መንገድ ጠርዝ እንዲታየው። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ፣ ሌላ መኪና መቅደም ሲፈለግ ከፊት የሚመጣ መኖሩን ቀድሞ የሚያየው በስተግራ የተቀመጠው ረዳት ነው። በሁለቱ መካከል የሞተሩ ክዳን ጉብ ብሎ ይታያል። አጎታችን በሁለቱም ወንበር ተቀምጧል። ስለዚህ ቀለሙ የተላጠው በሁለቱም መስኮት ጠርዝ ላይ ነው፤ ክንድ በሚያርፍበት ቦታ። ወንድሜ ያን ቦታ በብር ቀለም አልቀባውም። ጣቱ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቀለሙን ፈትጎ እስከ ቆርቆሮው አወረደው።

ከካሶኒው ሥር ባለው መንጠቆ ላይ የወይራ ታኮ ተንጠልጥሏል፤ ርዝመቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ዳገት ላይ መኪናዋ ስትቆም ረዳቱ ወርዶ ጎማ ሥር የሚከተው ነው። አንደኛው ፊቱ የጎማውን ክብ ተከትሎ ጎድጎድ ብሏል፤ ኋላ ጎማ ሥር ሲያስገቡት ሳይወላገድ ይቀመጣል።

የቀረው ተሳቢው ነው። ሻሲው ተቆርጧል፤ ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚዞረው ክብ ብረትም ተሠርቷል። ወንድሜ አሁን የያዘው ጥያቄ የማያያዣው መንጠቆና ቀለበቱ በመካከላቸው ስንት ክፍተት ይኑራቸው የሚለው ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ተሳቢው ኩርባ ላይ ይታገላል፤ ከሰፋ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ይገፋል። ይህን ቆማ የምትለካ መኪና አትናገረውም፤ የሚያውቁት ተሳቢ ጎትተው ጣርማ በርን የወረዱ ሾፌሮች ናቸው። ወንድሜ እነሱን እየፈለገ ይጠይቃል። አጎታችንን ማክበር ለእሱ ይህ ነው፦ አጎታችን በእጁና በጆሮው ያውቀው የነበረውን ልክ፣ ከእኩዮቹ ለቅሞ በሚሊ ሜትር ማስቀመጥ።