የአባት ስም የሌለው ተማሪ

ዕድሜው ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት የሆነ፣ ጠመኔ ጨብጦ የማያውቅ ወጣት፣ እንግሊዝኛ ሊያስተምር ወደማያውቀው አገር ይሄዳል። ሁለት ዓመት ይቆያል። ይመለስና መጽሐፍ ይጽፋል። መቼም ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ የማንበብ ሱስ አለብኝ፤ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በነበረበት ጊዜ የያዘኝ ነው። አጀማመሩ ሁልጊዜ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ዝናብ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሌሊቱን የሚጮህ ጅብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመሰ በርበሬ። ከዚያ ሆድ ቁርጠት። ቀጥሎ ሃምሳ ስድሳ ተማሪ ባንዴ ብድግ ብሎ «ጉድ ሞርኒንግ ሰር!» ሲል የሚመጣ ድንጋጤ። መጨረሻው ደግሞ ለቅሶ ነው፤ ወይ አውቶቡስ መናኸሪያ ወይ አውሮፕላን ማረፊያ።

በእኛ አገር የዚህ ድርሰት ትልቁ ምንጭ የሰላም ጓድ፣ ሕዝቡ «ፒስ ኮር» የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ወደ 280 የሚጠጉ ወጣቶች በዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ሲማሩ ከርመው፣ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ተሸኝተው፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1962 አዲስ አበባ ገቡ። አለቃቸው የኬኔዲ የሲቪል መብት አማካሪ የነበረው ሃሪስ ዎፎርድ ነበር። አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው በየክፍለ ሀገሩ ተበተኑ። ወሊሶ የተመደበው ፖል ሶንጋስ ኋላ ሴናተር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ተወዳድሯል። አዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተማረው ጆን ኮይን ደግሞ ልብ ወለድ ደራሲ ወጣው፤ የሌሎቹን የሰላም ጓድ ጸሐፊዎች ሥራም ሲያሰባስብ ኖረ። እንግዲህ ጉዳዩ የአንድ ሰው ማስታወሻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ የድርሰት ዘርፍ ሆኗል።

የእነዚህን መጻሕፍት ውለታ አልክድም። የእኛ ጸሐፊ «ይሄማ ምን ይጻፋል» ብሎ የሚያልፈውን ነገር ይጽፉታል። የኩራዝ ጋዝ ስንት እንደሚሸጥ፣ አንድ ደብተር ለሁለት ትምህርት እንዴት እንደሚከፈል፣ ተማሪው ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ሲል ከንባብ ይልቅ ሰዋስው ካልተሰጠኝ ብሎ አስተማሪውን እንዴት እንደሚያስጨንቅ። ለእኛ ጠመኔ ጠመኔ ነው። ለነሱ ጠመኔው ጣት ላይ ሲቀር ምን እንደሚመስል ሳይቀር ጽሑፍ ነው።

ጠቤ ሌላ ነው። በነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ዋናው ባለታሪክ አስተማሪው እንኳ አይደለም፤ የአስተማሪው ብቸኝነት ነው። ከተማው፣ ገበያው፣ ተማሪው፣ ሁሉም ለዚያ ብቸኝነት መድኃኒት ሆነው ይቀርባሉ። አስተማሪው ቤት ውሃ እየቀዳ፣ ዕቃ እያጠበ፣ የትምህርት ወጪው የሚሸፈንለት ልጅ አለ፤ ባነበብኳቸው ሁሉ ማለት ይቻላል አለ። ልጁ ፈገግ ይላል። ጎበዝ ነው። አንድ ስም አለው። የአባቱ ስም ግን የለም! በእኛ አገር የአባቱን ስም ያልጠየቁት ሰው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት መጥቶ እዚያ ቤት እንዳደረ አልተጠየቀም ማለት ነው። ሁለት ዓመት አብሮ ኖሮ ይህን አለመጠየቅ የሥነ ጽሑፍ ጉድለት ነው፤ የሥነ ምግባሩን ነገር ለሌላ ሰው እተዋለሁ።

ያ ልጅ ኋላ ድንጋይ ሲያነሳ ታዲያ ጸሐፊው ይደነግጣል። በ1960ዎቹ መባቻ የእኛ ተማሪዎች «ፒስ ኮር ይውጣ» ሲሉ አንዳንዱ መጽሐፍ ነገሩን ውለታ ቢስነት አድርጎ ያየዋል። የሚገርመው ያ ሁሉ ተቃውሞ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ መሆኑ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ልሳን «ስትራግል» እንግሊዝኛ ነበር፤ ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ያወጣው ያ አነጋጋሪ ጽሑፍም እንግሊዝኛ ነው። ትምህርቱ ሠርቷል ማለት ነዋ! ከዚህ የበለጠ ምን የመጨረሻ ምዕራፍ ይገኛል? እኔ ያነበብኳቸው ግን ሳይጽፉት አልፈዋል።

(የራሳችንም ልጆች ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ለአንድ ዓመት ክፍለ ሀገር እየወረዱ አስተምረዋል። አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ልጅ ጎሬ ውጭ አገር አልነበረም ያለው ማነው?)

ሰሞኑን ይህንኑ እያብሰለሰልኩ መርካቶ ዱባይ ተራ ገባሁ። ስሙ ዱባይ ይሁን እንጂ ከጫማውና ከቦርሳው አብዛኛው የጓንጁ ነው። ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው፣ ሽቶ የሚሸጡ ደንበኛ አሉኝ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰባተኛ ክፍል ሳሉ ፒስ ኮር አስተምሯቸዋል።

«ጋሼ፣ ምኑን ነው የሚያስታውሱት?» አልኳቸው።

«ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ ነበር» አሉና ሳቁ። «እኛ መምህር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አይተን አናውቅም። አንድ ቀን ደግሞ አንዱ ልጅ ጥያቄ ጠየቀው። ‹አላውቅም፣ ነገ አይቼ እመጣለሁ› አለ። ይኸውልህ መምህር፣ እስከዚያ ቀን አስተማሪ አላውቅም ማለት እንደሚችል አልሰማንም። ዱባይ መጀመሪያ ስሄድ እሷ ናት የጠቀመችኝ። ዴይራ ውስጥ አብረውኝ የሄዱት የሚያውቁ መስለው ተበሉ። እኔ አላውቅም፣ አሳየኝ አልኩ። ሌላው በካልኩሌተር አለቀ።»

ይቺ «አላውቅም» በአስተማሪው መጽሐፍ ውስጥ ትኖር ይሆን? ብትኖርም እንደ ውርደት ነው የምትጻፈው ብዬ እገምታለሁ።

ከሱቃቸው በራፍ ላይ አንዲት ልጅ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ዓረብኛ የያዘች የንግግር መማሪያ ትገዛ ነበር። ለመሄድ ቪዛ እየጠበቀች ነው። እኔም አንድ ገዛሁ። ልማድ ነውና እንደ ሥነ ጽሑፍ አነበብኳት። ምዕራፎቿ ኤርፖርት፣ ማድ ቤት፣ ልብስ አጠባ፣ ልጅ ጥበቃ ናቸው። ግሡ ሁሉ ትእዛዝ ነው፦ አምጪ፣ ጥረጊ፣ አንሺ፣ ዝም በይ። ተናጋሪዋ እመቤቲቱ ነች፤ መጽሐፉን በገንዘቧ የገዛችው ልጅ ሰሚ ብቻ ናት። የሷ ድርሻ «እሺ» እና «ይቅርታ» ነው። ደመወዝ ስንት ነው የሚል አለ። ደመወዝ ሲቀር፣ ፓስፖርት ሲቆለፍበት፣ ሲያማት የምትለው የለም። የዓረብ አገሩ አሠሪ ደግሞ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ ባለቤት ነው።

መንግሥት በ2006 ዓ.ም. የጣለውን የጉዞ እገዳ በ2010 ዓ.ም. አንስቷል። የ2008ቱ አዋጅ ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቀች ትሂድ ብሎ ነበር። ለጆርጅታውኑ ወጣት አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የቋንቋ መምህራን፣ ፕሬዚዳንት። ለዚህችኛዋ ባለ ስልሳ ገጽ ጥራዝ። ሁለቱም በማያውቁት አገር የመጀመሪያ ሥራቸውን ሊጀምሩ ነው የሚሄዱት።

ጋሼ ጥራዟን ተቀብለውኝ መነጽራቸውን አደረጉ። በቀይ እስክሪብቶ እንግሊዝኛውን ያርሙ ጀመር፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቀይ ያልነካው መስመር አልነበረም።

ልጅቷ ጠጋ አለች። «አባባ፣ ‹ደመወዜን ስጪኝ› በዓረብኛ እንዴት ነው?»

«አላውቅም» አሏት። ከዚያ ጎረቤት ሱቅ ያለውን፣ ጅዳ ሰባት ዓመት የኖረውን ልጅ ተጣሩ።