የእርሳስ ነጥብ

አዲስ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲጮህ ጥርስ ያፋጫል። ይህ ወጣት አስተማሪ ግን ገና ከካርቶኑ ሲያወጣው ከወገቡ ይቆርጠዋል፤ ያጠረ ጠመኔ አይጮህም። ግማሹን ኪሱ ይከትና በግማሹ ይጽፋል። ጎኑን ለሰሌዳው ሰጥቶ ስለሚቆም እያንዳንዱ ምልክት ከእጁ ሲወጣ ይታያል። ጀርባ ሰጥቶ ጽፎ፣ ጨርሶ ዞር የሚል አስተማሪ ለለመደ ተማሪ ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ያለነው ነቀምት፣ በከኒሳ ቀሴ ነው፤ በከኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው። አመሻሽ ላይ ስምንት ተማሪዎች ለማጠናከሪያ ትምህርት፣ ለቱቶሪያል፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የሚያስተምራቸው ልጅ ጂኤ ነው፤ ጥሩ ውጤት ይዘው ሲመረቁ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ከሚያስቀራቸው ግራጁዌት አሲስታንቶች አንዱ። ዕድሜው ከተማሪዎቹ ብዙም አይርቅም፤ እነሱ ግን «ቲቸር» ነው የሚሉት፣ በአንቱታ።

ቱቶሪያል ሲባል ብዙ ሰው ወደኋላ ለቀረ ልጅ የሚሰጥ መድኃኒት ይመስለዋል። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህማ ማጠናከሪያ የሚለው ቃል ከመውደቅ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። እነዚህ ስምንቱ ግን የወደቁ አይደሉም። ርቧቸው ነው የመጡት።

አንዲት ልጅ ደብተሯን ዘረጋችለት። «ቲቸር፣ እኔ ያገኘሁት 5 ነው። መጽሐፉ ሁለት መልስ አለው ይላል።» ጥያቄው ኤክስ ሲባዛ፣ በቅንፍ ውስጥ ባለው ኤክስ ሲቀነስ 3፣ እኩል ይሆናል 2 ኤክስ የሚል ነው። ቅንፉን ፈትታለች፤ ሰብስባ ኤክስ ስኩዌር እኩል ይሆናል 5 ኤክስ ላይ ደርሳለች፤ ከዚያ ኤክስ 5 ነው ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ልጁ ከላይ እስከ ታች በዝምታ አነበበ። ኤክስ የሚል ቀይ ምልክት አላሰፈረም። ከሦስተኛው መስመር ጎን በእርሳስ አንዲት ነጥብ ጣል አደረገና «እስከዚህ ድረስ አብሬሽ ነኝ» አላት።

እኔን የማረከኝ ያቺ ነጥብ ናት። አብዛኞቻችን ስንታረም ያደግነው ስህተቱ ላይ ነው፤ እሱ ምልክቱን የሚያኖረው የመጨረሻው ትክክል ላይ ነው። ተማሪዋ ከየት መነሳት እንዳለባት አወቀች፣ የት እንደወደቀች ግን ገና አልተነገራትም።

«እስቲ ዜሮን የመጀመሪያዋ መስመር ላይ አስገቢያት።»

አስገባች። ግራም ዜሮ፣ ቀኝም ዜሮ።

«ማሊፍ?» አላት በኦሮምኛ። ለምን?

እዚህ አካባቢ ልጆች ሒሳብን እስከ ስምንተኛ ክፍል በኦሮምኛ ይማሩና ከዘጠነኛ ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ፤ ሲሻገሩ ብዙ ነገር ወንዙ ውስጥ ይቀራል። እሱ እየተመለሰ ይለቅመዋል። ማካፈል በኦሮምኛ ሂሩ ነው፤ እንደ አማርኛው ሁሉ የሒሳቡም የእንጀራውም ቃል ነው። «በኤክስ ነዋ ያካፈልኩት» ስትለው፣ «ኤክስ ዜሮ ቢሆንስ? ማንም በሌለበት ለማን ልታካፍዪ ነው?» አላት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። (ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የኦሮምኛ ፊደል መማሪያቸውን ያሳተሙት በ1894 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኦኔሲሞስ ኋላ ነቀምት መጥቶ አስተምሯል። ተማሪውን በገዛ ቋንቋው ማግኘት ለዚች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም።)

አንድ ቅር የሚለኝ አለ። ዝምታው አንዳንዴ ይረዝማል። ዓይን አፋር የሆነ ልጅ ከፊቱ ሲቀመጥ ያ ዝምታ ፈተና ይሆንበታል፤ ከኋላ የተቀመጠው አንዱ ጥያቄውን ይዞ ሲመለስ አይቻለሁ። ሆኖም ከሚያወራው አስተማሪ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖልያ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ አስተማሪ እርዳታውን እንዳያበዛም እንዳያሳንስም ይመክራል። ምክሩን መናገር ቀላል ነው፤ መጠኑን በእጅ ማወቅ ግን ዶሮ ወጥ ላይ ጨው እንደመጣል ነው።

መልሱን አልጻፈላትም። የቀረችውን የጠመኔ ግማሽ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣትና ሄዶ እሷ የነበረችበት ቦታ ተቀመጠ። ልጅቷ ደብተሯን በግራ እጇ ይዛ፣ ነጥቧ ያለችበትን መስመር ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ 5 ኤክሱን ወደ ግራ አሻግራ ኤክስን የጋራ አድርጋ አወጣችው።