ፎቶግራፍ የመሣሪያ ሥራ ነውን?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቀበሌ የንጹሕ ውሃ ጕድጓድ ሲመረቅ፣ የመሥሪያ ቤታችንን ካሜራ ይዤ ፎቶግራፍ እንዳነሣ ታዝዤ ሄጄ ነበር። ፀሓይዋ ከሴቶቹ ጀርባ ስለ ነበረች፣ ፎቶግራፉ ሲታይ ሰማዩ ነጥቶ የእናቶቹ ፊት ግን እንደ ከሰል ጠቍሮ ተገኘ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሩቅ ወንዝ ውሃ ሲቀዱ የኖሩ እናቶች በዚያ ቀን ያሳዩት ደስታ፣ በእኔ አለማወቅ ምክንያት ሳይመዘገብ ቀረ። ካሜራው ደኅና ነበር፤ ጉድለቱ የእኔ ነው።

ይህን ማስታወሴ ስለ ፎቶግራፍ ሁለት የተሳሳቱ አሳቦች ሲነገሩ ስለምሰማ ነው። አንደኛው፣ ፎቶግራፍ መሣሪያው የሚሠራው እንጂ ሰው የሚፈጥረው ጥበብ አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ ፈጠራ የተፈጥሮ ስጦታ ስለ ሆነ ትምህርት አያስፈልገውም የሚል ነው። የሁለቱንም ስሕተት በአንዲት ኢትዮጵያዊት ሥራ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 «ዋተር ላይፍ» የተባሉትን 12 ፎቶግራፎች ያዘጋጁት ዋተርኤይድ በተባለው ድርጅት ጠያቂነት ነው። ፎቶግራፎቹ የተነሡት በአፋር ምድር በዳሎል ሲሆን፣ የሚናገሩትም ውሃ በማጣት ስለሚደክሙ ሴቶች ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር የበለጠ ዝቅ ያለ፣ የጨው ነጸብራቅና ብርቱ ፀሓይ ዐይን የሚወጉበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ያልተማረ እጅ ካሜራ ቢያነሣ ከእኔ የባሰ ጥፋት ይደርስበታል። በእነዚህ ሥራዎች ግን ቀዩና ሰማያዊው ልብስ፣ ቀለም የተቀባው ፊትና የጨው ሜዳው እያንዳንዳቸው ቦታቸውን ይዘው፣ አንዱ ሌላውን ሳይሸፍን ይታያሉ።

የዚህ ትምህርት መሠረት ብርሃንን መመጠን ነው። የካሜራው መዝጊያ ከሰከንድ 1/125ኛ ወደ 1/250ኛ ቢፈጥን፣ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ይህ ደረቅ ሒሳብ ይመስላል፤ ነገር ግን ፏፏቴን በ1/1000ኛ ሰከንድ ቢያነሡት ጠብታው በአየር ላይ ቆሞ ሲታይ፣ በአንድ ሙሉ ሰከንድ ቢያነሡት ደግሞ ውሃው እንደ ተባዘተ ጥጥ ይሆናል። ፏፏቴው ያው አንዱ ነው። ቍጣውን ወይም ጸጥታውን ለመናገር የሚመርጠው ግን ሰውዬው ነው፤ አስቦ መምረጥ የሚችለውም የተማረ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይቈጥራል፤ ልኩንና ቤቱን ካልጠበቀ መምህሩ ያርሙታል። ነገር ግን የሌላውን ቅኔ ቢደግም አይመሰገንም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ እንዲያመጣ ይጠበቅበታል። ሕጉን መማሩ አሳቡን የሚገልጥበት መንገድ ይሆንለታል እንጂ አያስረውም። አይዳም የራሳቸውን ዓለም በቀለም ከመፍጠራቸው በፊት በዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የዜና ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሠርተዋል።

ሆኖም ሥራውን ያለ ነቀፌታ ልናልፈው አይገባም። የሴቶቹ አለባበስና አቋቋም ሁሉ አስቀድሞ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ውበቱ ከጥሙ ቀድሞ ወደ ዐይን ይደርሳል፤ ተመልካቹም ቀለሙን እያደነቀ የእንስራውን ክብደት እንዳይረሳ ያሠጋል። በሌላ በኩል፣ ድኻን አዋርዶ ከሚያሳይ ፎቶግራፍ ይልቅ፣ ችግረኛዋን እንደ ንግሥት አክብሮ የሚያቆም ፎቶግራፍ ይሻላል። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ለሥራው ያደላል። የሚጐድለው የላብ ጠብታ ነው፤ ክብር ግን አልጐደለውም።

አይዳ እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የአዲስ ፎቶ ፌስት ትርኢት እንዲህ ያሉትን ሥራዎች ለሕዝብ ዐይን አቅርቧል። የቀረው የመምህራንና የተማሪዎች ፋንታ ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት በእጅ ስልኩ ፎቶግራፍ ያነሣል። አንድን ፊት በጧት፣ በቀትርና በምሽት አንሥቶ ሦስቱን ቢያስተያይ፣ የመጀመሪያውን ትምህርት ያለ ገንዘብ ይማራል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላልና፣ ካሜራ የምንይዝ ሁሉ ሙያውን እንማር። ያን ጊዜ እናቶቻችን ሲደሰቱ ፊታቸው በጨለማ አይቀርም።