ካልኩለስ ከዩኒቨርሲቲ በፊት፦ ስለ 12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ አስቀድሞ ካልኩለስን መማሩ የሚጠቅመው ቀመር ስለሚያከማች ሳይሆን፣ ተለዋዋጭን ነገር በምክንያት መመርመር ስለሚለምድ ነው። በ2002 ዓ.ም. የታተመው የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መማሪያ መጽሐፍ ሊሚትን፣ ዴሪቬቲቭንና ኢንቴግራልን ማካተቱ ከዚህ አንጻር የሚመሰገን ነበር። ቅደም ተከተሉ ግን ነቀፌታ አያጣውም፤ የሒሳብ ማረጋገጫ የቀረበው ከካልኩለስ በኋላ፣ በምዕራፍ 7 ነውና።

ለምሳሌ የሚወድቅ ድንጋይን እንውሰድ። የወረደው ርቀት በሜትር ሲለካ፣ ያለፈው ሰከንድ በራሱ ተባዝቶ 5 እጥፍ ያህል ነው። ከ2 እስከ 2.1 ሰከንድ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 20.5 ሜትር፣ ከ2 እስከ 2.01 ደግሞ 20.05 ሜትር ይሆናል። ተማሪው ወደ 20 መጠጋቱን ከቁጥሮቹ ይገምታል፤ እርግጠኛ የሚሆነው ግን ፍጥነቱ ምንጊዜም 20 ሲደመር የተጨመረው ጊዜ 5 እጥፍ መሆኑን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ይህን የማረጋገጥ ልማድ ሳይዝ ደንቡን የሸመደደ ተማሪ የምርጫ ጥያቄ ይመልስ ይሆናል፤ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ፊት ግን ባዶ እጁን ይቆማል።

ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ በተለወጠ ቁጥር አዘጋጆች ማረጋገጫን ከሊሚት ሊያስቀድሙ፣ መምህራንም ከደንቡ በፊት ምክንያቱን ሊያስጨብጡ ይገባል።