ስለ እንግሊዝኛ የንግሥና ቃላት አጭር ሂስ

ዋልተር ስኮት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1819 ዓ.ም. ባወጣው «አይቫንሆ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ፥ አንድ የጌታ አጫዋች ስለ እንስሳት ስም ሲቀልድ እናነባለን። እንስሳው እረኛ ሲጠብቀው የሳክሶን ስም አለው፤ ታርዶ ከጌቶች ማዕድ ሲቀርብ ግን የኖርማን ስም ይይዛል። ከዚህ ተነሥተው ብዙዎች፥ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ የድካም ቃል ለተሸናፊው፥ የክብር ቃል ለአሸናፊው ሆኖ ቀረ ይላሉ። አሳቡ የሚማርክ ነው፤ ነገር ግን በንግሥና ቃላት ብንፈትነው ጸንቶ አይቆምም።

በርግጥ «ሮያል»፥ «ክራውን»፥ «ሬይን» እና «ፕሪንስ» ከላቲን ተነሥተው በፈረንሳይኛ በኩል የገቡ ናቸው። ከሁሉ በላይ ያሉት ሁለቱ መጠሪያዎች፥ «ኪንግ» እና «ክዊን»፥ ግን ከድሉ በፊት የነበሩ የአገሩ ቃላት ናቸው። «ኪንግ» ነገድ ወይም ወገን ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ «ክዊን» ደግሞ በጥንቱ ሴት፥ ሚስት ማለት ነበር። እኛ ንጉሥንና ንግሥትን «ነግሠ» ከሚለው ከአንድ ግስ እናወጣለን፤ የእንግሊዝኛዎቹ ግን ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው።

እነዚህ ቃላት ስለ ምን ሳይለወጡ ቀሩ? ዊልያም የኤድዋርድ ሕጋዊ ወራሽ ነኝ ይል ስለ ነበር፥ የአገሩን የንጉሥ መጠሪያ መተው አይጠቅመውም ነበር። በ1067 ለሎንዶን ከተማ የሰጠው ደብዳቤ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያም ራሱን የሚጠራው በዚሁ «ኪንግ» በሚለው ቃል ነው። በመኳንንቱም ዘንድ ነገሩ የተቀላቀለ ነው፤ «ኧርል» አገርኛ መጠሪያውን እንደ ያዘ ሲኖር፥ ሚስቱ በፈረንሳይኛው «ካውንቴስ» ትባላለች።

የቃላትን መምሰል ብቻ አይቶ መፍረድም አያዋጣም። «ሶቭሪን» የመጣው በላይ ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ከ«ሬይን» ጋር ግን ዝምድና የለውም። ሆኖም እንግሊዞች ራሳቸው ዘመድ መስሏቸው በጽሕፈቱ ውስጥ የማይነበብ «ጂ» ጨምረውበታል።

እንግዲህ ቃላትን ለታሪክ ምስክር አድርገን ስንጠራ፥ ለአሳባችን የሚስማሙትን ብቻ ሳይሆን የሚቃወሙትንም ማቅረብ ይገባናል ብለን እናምናለን። ስኮት የጻፈው ልብ ወለድ ስለ ሆነ አይወቀስም፤ ወቀሳው የአጫዋቹን ቀልድ እንደ ሕግ ይዘው ለሚጠቅሱት ነው።