የፕላስቲክ ፈረስን መልሶ ስለ መቅረጽ

በአሜሪካ አገር ብሬየር የተባለው ኩባንያ የሚያወጣቸውን ትንንሽ የፕላስቲክ ፈረሶች እየገዙ በትርፍ ጊዜያቸው መልሰው የሚቀርጹ ብዙ ሰዎች አሉ። ኩባንያው የመጀመሪያውን ፈረስ ያወጣው በ1950 (እ.ኤ.አ.) ለሰዓት ማስጌጫ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ከወጡት አብዛኞቹን የቀረጸው ክሪስ ሄስ ነው። ከፋብሪካ ዳማ ሆኖ የወጣው ፈረስ በነዚህ ሰዎች እጅ ጉራች ይሆናል፤ የቆመውም ይጋልባል።

ቀለም መለወጥ ቀላል ነው፤ የእኔ ክርክር ስለ አጥንቱ ነው። ሴሉሎስ አሲቴት የተባለው ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚለሰልስ እግሩ በፈለጉት በኩል ይታጠፋል፤ የሕያው ፈረስ እግር ግን የሚታጠፈው በመገጣጠሚያው ብቻ ነው። ከዚህም የሚብሰው ክብደትን መርሳት ነው። ፈረስ በሶምሶማ ሲሄድ የፊት ቀኙንና የኋላ ግራውን ባንድነት ያነሣል። ቀራጺው የፊቱን እግር ብቻ አጥፎ ትከሻውንና ዳሌውን እንደ ነበሩ ከተዋቸው፣ ባላገር ያደገ ሰው ያንን ፈረስ ሲያይ «ያነክሳል» ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይገዛውም። በኤፖክሲ ሊጥ የተሠራው የደም ሥርና ከፍየል ጠጕር የተተከለው ጋማ፣ ምንም ቢያምሩ፣ ይህን ጉድለት አይሸፍኑም።

ነገሩ ሁሉ የሰው ሥራ ማበላሸት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። አንገቱን ቆርጦ ያዞረ ሰው ደረቱንና ጀርባውን አብሮ ካላዞረ ሥራው አሁንም የሄስ ነው። ሁሉንም አስማምቶ ያዞረ እንደ ሆነ ግን ስሙን ከሄስ ስም ቀጥሎ ቢጽፍ መብቱ ነው።